የተዋስሽውን ወርቅ መልሺ

ደብዳቤው፦

«ይድረስ ለጋሼ፣

የ26 ዓመት ወጣት ነኝ። የተወለድኩት መንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብላ በምትገኝ ቀበሌ ነው። አሁን ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ሰርግ፣ ምርቃትና ክርስትና አነሳለሁ። በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ ለራሴ አነሳለሁ። አዲስ አበባ የሚኖር አንድ ፎቶግራፍ አንሺ አለ። በአካል አላውቀውም፤ ሥራዎቹን ግን አራት ዓመት ሙሉ ተከታትያለሁ። ግማሽ ፊቱ በጨለማ የተዋጠ ሰው፣ ጥቁር ጀርባ፣ ወደ ብርቱካንና ወደ ሰማያዊ ያደላ ቀለም። እርሱ የሚሸጠውን ዝግጁ የቀለም ቅንብር ገዝቼ በፎቶዎቼ ሁሉ ላይ እጠቀምበታለሁ። ባለፈው ጥር ከጓደኞቼ ጋር ትንሽ ዐውደ ርእይ አዘጋጀን። አንድ ጎብኚ ፎቶዬ ፊት ቆሞ ለጓደኛው ‹ይህ የእገሌ ሥራ ነው፤ እዚህም ደርሷል ማለት ነው› አለው። አጠገባቸው ቆሜ ነበር። የእኔ ነው ለማለት አፈርኩ። ለእናቴ ስነግራት ‹የሰው ወርቅ አያደምቅ› አለችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

የራሴን ስልት እንዴት ላግኝ? የሌሎችን ሥራ ማየት ላቁም? አለቃዬ የተሻለ ሌንስ ብትገዢ ይለወጣል ይለኛል። ሙሽሮች ደግሞ የዚያንኑ ሰው ፎቶ በስልክ እያሳዩ ‹እንደዚህ አድርጊልን› ይላሉ። ስድስት ፎቶዎች ከነርእሳቸው ልኬልዎታለሁ። የመጨረሻው ሳላስበው ያነሳሁትና ርእስም ያልሰጠሁት ስለሆነ ይቅርታ።

ግራ የገባኝ፣ ከደብረ ብርሃን»

እህቴ፣

እናትሽ ተረቱን ትክክለኛው ቦታ ላይ ጥለውታል። ብቻ እኔ ባደግሁበት አካባቢ ሙሽራ የጎረቤት ድሪና አልቦ ተውሳ ትዳር ነበር፤ ነውር ነው የሚል አልነበረም። ነውር የሚሆነው ሰርጉ አልፎ፣ መልሱ አልፎ፣ ወር ሞልቶት ድሪው ከአንገቷ ያልወረደ እንደሆነ ነው። ያን ጊዜ የድሪው ባለቤት ገበያ ላይ ታገኛትና ምንም ሳትናገር ዓይኗን አንገቷ ላይ ትተክላለች። አንቺም ዐውደ ርእዩ ላይ የደረሰብሽ ይኸው ነው። ስለ መኮረጅሽ አልወቅስሽም፤ ሁላችንም ያለፍንበት ነው። አራት ዓመት ግን ለአንድ ሰርግ ረዘመ።

እኔም ተውሼ አውቃለሁ። ደብረ ብርሃን ፎቶ ቤት የከፈትኩት በጥቁርና ነጭ ፊልም ዘመን ነው። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የታወቀ ፎቶ ቤት ፊልም አጣቢ ሆኜ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። የዚያ ቤት ኩራት ሸራ ላይ የተሳለ የባሕር ዳርቻ ነበር፤ ዘንባባ፣ ማዕበል፣ በስተቀኝ ነጭ ጀልባ። ደብረ ብርሃን ገብቼ መጀመሪያ ያሠራሁት ያንኑ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚልቅ ከፍታ ላይ፣ ኅዳር ጠዋት ውርጭ ሜዳውን በሚያነጣበት አገር፣ ሰውን ከዘንባባ ሥር አቆም ነበር። የባሰውን ልንገርሽ? ከተማዋ ስሟን ያገኘችው በ15ኛው መቶ ዘመን፣ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ፣ ከሰማይ ብርሃን ታየባት ተብሎ ነው። እኔ በብርሃን ስም በተጠራች ከተማ ውስጥ ብቸኛውን መስኮቴን በሸራ ጋርጄ እሠራ ነበር።

ሸራው ብቻ ቢሆን ደግ። ግድግዳው ላይ አንድ ኮት ሰቅዬ ነበር። ከመንዝ፣ ከጅሩ፣ ከተጉለት የሚመጣውን ገበሬ በርኖሱን ወይም ጋቢውን አስወልቄ ኮቱን አለብሰዋለሁ፤ እጅጌው ለአንዱ ይረዝማል፣ ለሌላው ያጥራል። አንድ ቀን አንዲት እናት ወታደር ሊሆን የሚሄድ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ከሳምንት በኋላ ፎቶውን ሊረከቡ ተመልሰው አገላብጠው አዩትና «ይህ የማን ልጅ ነው?» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እርሳቸው አልሳቁም። ከፍለው ወሰዱት፤ ሌላ አልነበራቸውማ።

ያ ጥያቄ ወዲያው ለወጠኝ ብል እዋሻለሁ። ሸራውን ያወረድኩት ከዓመታት በኋላ ነው፤ ያወረድኩትም ፍላሼ ተበላሽቶ አዲስ አበባ ለጥገና እንደሄደ ሳይመለስ ሲቀር። የገበያ ቀን ነበር፤ ደንበኛው በር ላይ ተሰልፏል፣ ውስጥ ጨለማ ነው። ወንበሩን ወደ ደጃፉ ሳብኩት። ከበሩ የሚገባው ብርሃን ፊትን በአንድ ጎን ይዳስሳል፤ ነጩ ጋቢ ደግሞ ያንኑ ብርሃን ተቀብሎ ወደ አገጭና ወደ ዓይን ሥር ይመልሰዋል። ጋቢ ማስወለቅ የተውኩት ስለ ባህል ተቆርቁሬ አይደለም፤ ብር ያልከፈልኩበት አንጸባራቂ ደንበኛው ትከሻ ላይ እንዳለ ስላየሁ ነው። ፍላሹ ከሦስት ወር በኋላ ሲመጣ ሣጥኑን አልከፈትኩትም። ሰዎች ፎቶ አይተው «ይህን የበሩ ሰውዬ ነው ያነሳው» ማለት ጀምረው ነበር።

ይህን የምነግርሽ ችግር ጥበበኛ ያደርጋል ልልሽ አይደለም፤ ችግር ብዙ ሰው ፎቶ ቤቱን አዘግቶታል። ግን እያንዳንዱ ሰው አጠገቡ ያለ፣ ሌላው የሌለው ነገር አለው፤ ስልት ብዙ ጊዜ ከዚያ ይበቅላል። ሴይዱ ኬይታ የተባለው የማሊ ፎቶግራፍ አንሺ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1948 ባማኮ ውስጥ ፎቶ ቤት ሲከፍት ለጀርባ መጋረጃ የዘረጋው የራሱን የአልጋ ልብስ ነው። ግቢው ውስጥ፣ በተፈጥሮ ብርሃን ያነሳ ነበር። ጨርቁን በየሁለት ሦስት ዓመቱ ይቀይረው ስለነበር ኋላ ላይ ፎቶዎቹ የተነሱበት ዘመን የተለየው በመጋረጃው ነው። ልብ በይ፣ እርሱም ለደንበኞቹ የሚያውሰው ልብስ፣ ሰዓትና ሬዲዮ ነበረው። ታዲያ የእኔ ኮት ምን በደለ? ብዙ አስቤበታለሁ። የባማኮው ደንበኛ ሊታይ የሚፈልገውን ሰው በራሱ ምርጫ ይሠራ ነበር፤ ለእኔ ደንበኛ የምመርጥለት እኔ ነበርኩ፣ ያውም ከሌላ የተዋስኩትን።

የእኛው ሚካኤል ጸጋዬ በፈረንጆቹ 2002 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲመረቅ ሠዓሊ ነበር። የዘይት ቀለም አለርጂ ሆነበትና ብሩሹን አስቀምጦ ካሜራ አነሳ። ፕራግ የኖረው ፎቶግራፍ አንሺ ዮሴፍ ሱዴክ ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቀኝ እጁን አጥቶ ነበር። ከፈረንጆቹ 1940 ጀምሮ ለ14 ዓመታት ያህል የሥራ ክፍሉን መስኮት ደጋግሞ አነሳው፤ በጤዛ ተሸፍኖ፣ በረዶ አርፎበት፣ ከበስተጀርባው አንዲት ጠማማ ዛፍ ቆማ። አሥራ አራት ዓመት አንድ መስኮት! የደብረ ብርሃን መስኮት ጠዋት ጠዋት እንዴት እንደሚያልብ አንቺም ታውቂያለሽ፤ አንድ ቀን እንኳ ወደ እርሱ ካሜራሽን አዙረሽ ታውቂ ይሆን?

አሁን ስለዚያ ስለገዛሽው የቀለም ቅንብር ጥቂት ልቆጣ። በዚህ ነገር ቂም አለኝ። ኮዳክ የተባለው የፊልም ኩባንያ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ ለቀለም ፎቶ አጣቢዎች ይልከው የነበረው የማስተካከያ ካርድ ላይ የነበረችው ነጭ ሴት ናት፤ ካርዱም «ሸርሊ» ይባል ነበር። የእርሷ ቆዳ በትክክል ከወጣ ሁሉም ትክክል ነው ተብሎ ተወሰደ። ጥቁር ቆዳ ጭቃ መስሎ ሲወጣ ጥፋቱ የፊልሙ መሆኑን የሚያምን አልነበረም። ነገሩ መስተካከል የያዘው ኋላ፣ የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች «ቡናማው ከቡናማው አልለይ አለን» ብለው ማማረራቸው ጭምር ገፍቶት ነው። አየሽ፣ ቀለም የሚያስተካክል ሰው ሁልጊዜ የሆነ ፊት፣ የሆነ ሰማይ በልቡ ይዞ ነው የሚያስተካክለው። የአንቺን ቅንብር የሠራው ያገርሽ ልጅ ነው፤ ቢሆንም ለአንድ ክፍልና ለአንድ መብራት የሠራው ነው።

ሦስተኛውን ፎቶሽን እንደገና ተመልከቺው። ሰውየው የለበሱት ባና ነው አይደል? ባና ማቅለሚያ ያልነካው የበግ ፀጉር ነው፤ ጥቁሩ ከጥቁር በግ፣ ቡኒው ከቡኒ በግ። የመንዝ ሰው ባናውን አይቶ የበጉን መልክ ይነግርሻል። አንቺ ሁሉንም የተቃጠለ ዳቦ አስመሰልሽው። አምስተኛው ላይ ያለው የጓሳ ሣር ደግሞ ሰማያዊ ሆኗል። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ አገር ነው፤ እዚያ ቆሜ አይቼዋለሁ። ማለዳ ብር ይመስላል፣ ከሰዓት በኋላ ገለባ። ያ ሣር ቤት የሚከደንበት፣ ገመድ የሚሆን፣ እረኛ ዝናብ የሚከላከልበት ጌሳ የሚሠራበት ሣር ነው። እርሱን ሰማያዊ ማድረግ የምታውቂውን ሰው በሌላ ስም መጥራት ነው።

ቅንብሩን አጥፊና ሌላ ነገር ተማሪ። የካሜራሽ የብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ሊያወጣው ይሞክራል። ጣርማበር ላይ ጉም ውስጥ ስታነሺ ጉሙ የእቃ እጣቢ የሚመስለው ለዚህ ነው፤ ከመለኪያው በላይ አንድ ደረጃ ያህል ብርሃን ጨምሪለት። ጋቢ የለበሰ ሰው ክፈፉን ሲሞላውም እንዲሁ ጋቢው ግራጫ፣ ፊቱ ጥቁር ይሆናል። እዚህ ላይ ግን ቀመር የለም። ለፊቱ ብትለኪ ጋቢው ድሩ እስኪጠፋ ሊነጣ ይችላል፤ ለጋቢው ብትለኪ ፊቱ ይጨልማል። የጋቢው ድር ቢጠፋ የሚቆጨው ሰው አለ። ፊቱ ቢጨልም የሚቆጨው አለ። አንቺን የቱ ይቆጭሻል? ስልት የምትዪው ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ አንድ ሰው ሁለት ነገር ሁለቱንም ማዳን ሲያቅተው ደጋግሞ የሚያድነው የቱን እንደሆነ ነው። ምርጫሽ በሃምሳ ፎቶ ላይ ሲደጋገም ሰው ስምሽን ሳያነብ ያውቅሻል።

የሌሎችን ሥራ ማየት ላቁም ወይ ላልሽው፣ የቅኔ ተማሪን ነገር ላንሳልሽ። ቅኔ ቤት የገባ ልጅ መጀመሪያ ከመምህሩ ይሰማል፤ የቀደሙትን ቅኔ እየፈታ ሰሙን ከወርቁ ይለያል። ከዚያ ከሰው ተለይቶ ሜዳ ወጥቶ ወይም ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይቆጥራል፤ የራሱን ቅኔ ያወጣል ማለት ነው። የሚጀምረው ሁለት ቤት ባለው በጉባኤ ቃና ነው፤ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ገና ሩቅ ነው። የቆጠረውን ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል፣ ይታረማል። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምም። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያቀረበ ልጅ በጓደኞቹ ፊት የሚደርስበትን ውርደት አንቺ ዐውደ ርእዩ ላይ ቀምሰሽዋል። «የእኛ ባህል መከተል እንጂ መፍጠር አያውቅም» የሚሉ የተማሩ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ ይህን አነሳባቸዋለሁ፤ አብዛኞቹ ወዲያው ርእስ ይቀይራሉ።

ተማሪው መስማቱን አልተወም። ሰምቶ፣ ብቻውን ሆኖ፣ ከዚያ ታርሞ ነው። አንቺ ግን አራት ዓመት ስትሰሚ ኖረሽ አንድም ቀን ቆጠራ አልወጣሽም። ስለዚህ ሁዳዴ ሲገባ 55ቱን ቀን የዚያን ሰው ገጽ አትክፈቺ። የሥጋና የቅቤውን ነገር ከንስሐ አባትሽ ጋር ጨርሱ፤ እኔን የሚመለከተኝ ገጹ ነው። ከዚያ በኋላ እዪ፤ የአንዱን ብቻ ግን አትዪ። አንድ ፎቶ ለአንድ ሳምንት ግድግዳሽ ላይ ለጥፊና ብርሃኑ ከየት እንደመጣ፣ አንሺው የት እንደቆመ፣ ምን እንዳስቀረ ጠይቂው። አንኮበር የተወለዱት ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ለንደን ሥዕል ከተማሩ በኋላ በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት የተቀመጡትን የእኛን የብራና ሥዕሎች ተቀምጠው አጥንተዋል። አዲስ አበባ ስትሄጂ የአፍሪካ አዳራሽን ባለቀለም መስኮቶች ገብተሽ ብታዪ ከሁለቱም ወገን የተማረ እጅ ምን እንደሚመስል ይገባሻል።

ከሁሉ ያሳዘነኝ ሁለተኛው ፎቶሽ ነው። አንዲት አሮጊት፣ ጀርባው ድፍን ጥቁር፣ ፊታቸው ላይ ያለው እጥፋት ሁሉ በስለት የተቆረጠ መስሎ ወጥቷል። ርእሱን «ድካም» ብለሽዋል። እኚህ ሴት ማን ናቸው? ይህን ስታነሺ የኮረጅሽው የአዲስ አበባውን ሰው ብቻ አይደለም፤ ከሩቅ የመጣ እንግዳ እኛን የሚያይበትን ዓይን ነው። እንግዳ ቋንቋ አያውቅም፣ ስም አያውቅም፣ ቀልዱ አይገባውም፤ የሚቀረው የፊት እጥፋት ስለሆነ እርሱን ያነሳል። አልፈርድበትም። አንቺ ግን ከእኚህ ሴት ጋር ቡና ልትጠጪ ትችያለሽ። የማን ልጅ እንደሆንሽ ጠይቀው ዘርሽን እስከ ሰባት ቤት ቆጥረው የሚነግሩሽ፣ በነገር ወጋ አድርገው የሚያስቁሽ፣ ጎረቤት የሚፈራቸው ሴት ሊሆኑ ይችላሉ። ደክመው ነበር? ነግረውሻል? ጭላዳም ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶበታል፤ ጓሳ ደርሶ የተመለሰ ሁሉ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ያሳየበትን ቅጽበት ይዞ ይመጣል፤ እንስሳው ግን ቀኑን የሚገፋው ሣር ሲነቅል ነው።

ወደ ስድስተኛው ልምጣ።

እናትሽ መሆናቸውን ከፎቶው ጀርባ ጽፈሻል። ከድንጋዩ ቤት ደጃፍ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል። ግራ እጃቸው የበግ ፀጉሩን ከፍ አድርጎ ይዟል፤ ቀኝ እጃቸው ከክፈፉ ወጥቷል፣ እንዝርቱ አይታይም። የኩበት ጭስ ከውስጥ ወደ ደጅ እየወጣ በብርሃኑ ላይ ተጋድሟል። ፊታቸው የለም። ቅንብሩንም አልጫንሽበትም፤ ይቅርታ የሚያስፈልገው ስለመሰለሽ ይሆናል።

«ሳላስበው» አልሽ። ይሁን። ካሜራው ያለበትን ቁመት ግን ተመልከቺ፤ መደብ ላይ የተቀመጠ ልጅ ዓይን ቁመት ነው። ልጅ ሳለሽ እናትሽ ሲፈትሉ ከኋላቸው ተቀምጠሽ ያየሽው ይኸው መሆን አለበት፤ ቦታውን ሰውነትሽ አልረሳውም። የአዲስ አበባው ሰው ይህን ፎቶ ሊያነሳው አይችልም። ቢመጣ ወንበር ተሰጥቶት ፊት ለፊት ይቀመጥ ነበር፤ እንግዳ ነዋ። ከኋላ የሚቀመጠው የቤት ልጅ ነው።

ድንቅ ፎቶ ነው እያልኩሽ አይደለም። ትንሽ ተንቀጥቅጧል። በስተግራ ያለው ቢጫ ጀሪካንም ዓይን ይሰርቃል፤ ብታነሺው ይሻል ነበር ልልሽ ብዬ ራሴን ተጠራጠርኩ። ቢጫ ጀሪካን የሌለበት ቤት አገራችን ላይ የት አለ? ተይው፣ ይቀመጥ።

አሁን የምትሠሪውን ልንገርሽ። በአራቱ ዓመት ውስጥ ለራስሽ ካነሳሻቸው መቶ ያህሉን በትንንሹ፣ በርካሽ ወረቀት አሳትሚና ወለል ላይ ዘርጊያቸው። የዚያ ሰው ሊሆኑ ይችሉ የነበሩትን ሁሉ እየለቀምሽ ወደ ጥግ አድርጊ። የሚተርፉት አሥር ላይሞሉ ይችላሉ፤ አትደንግጪ፣ የእኔ አራት ነበሩ። የተረፉትን መኝታሽ አጠገብ ለጥፈሽ ሁለት ሳምንት አብረሻቸው ተኚ። ምን ይደጋገማል? ጀርባ? ደጃፍ? ከክፈፍ የወጣ እጅ? እኔ ከአንድ ፎቶ ተነስቼ ደጃፍ ይመስለኛል፤ ልሳሳት እችላለሁ።

ደጃፍ ከሆነ አንድ ደጃፍ ምረጪና ዓመቱን ሙሉ ተመላለሺበት፤ የእናትሽ ቤት ቢሆን ይመረጣል። ብርሃን በእኛ አገር ከወር ወር ቦታ ይቀይራል። ሰኔና ሐምሌ ፀሐይ በቀትር ከአናታችን ወደ ሰሜን ታጋድላለች፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ ወደ ሰሜን የዞረ ደጃፍ ታኅሣሥ ላይ ቀኑን ሙሉ ለስላሳ ጥላ ነው፤ ሰኔ ላይ ጉሙ ከገለጠ ፀሐይ ይገባበታል። ይህን የሚሸጥልሽ ሰው የለም፤ ተመላልሰሽ ነው የምታውቂው። እናትሽ ግን ሳያውቁት አይቀሩም፤ ፀጉሩን የሚያሰጡበትን ቦታ በየወሩ ይቀይሩ እንደሆነ ጠይቂያቸው።

ሌንስ አትግዢ። 35 ወይም 50 ሚሊ ሜትር ካለሽ እርሱን አስቀሪና የቀረውን ለስድስት ወር ቆልፊበት። ለአለቃሽ «እሺ» ብለሽ እለፊ።

ሙሽሮቹ «እንደዚህ» ካሉሽ እንደዚያ አድርጊላቸው። እንጀራሽ ነው፤ ልብስ ሰፊም ደንበኛ ያመጣለትን ሞዴል ይሰፋል። ብቻ ከእያንዳንዱ ሰርግ ማንም ያላዘዘሽን አንድ ፎቶ ለራስሽ አንሺ። ዳሱ ሲፈርስ፣ ድስት የሚያጥቡት ሴቶች እግራቸውን ዘርግተው ሲቀመጡ፣ የሙሽራዋ አባት ከሰው ሸሽተው ከአጥር ጥግ ሲቆሙ። ለሙሽሮቹ አትስጫቸው፤ በዓመቱ ሲመጡ ያኔ አሳዪያቸው።

የሚያርምሽ ሰው ፈልጊ። «ወደዱልኝ» የሚለው ቁጥር አርሞ አያውቅም፤ ደግሞም ቅንብሩን ስታጠፊ ቁጥሩ ይወርዳል፣ ይህን አስቀድሜ ልንገርሽ። አንድ ሥራውን የሚያውቅ፣ ሊያስደስትሽ የማይፈልግ ሰው ይበቃል። ሁለተኛዋ አራሚሽ እናትሽ ናቸው፤ ሦስት ቃል ተናግረው ወደ ሥራቸው የሚመለሱ ሴት ለዚህ የተፈጠሩ ናቸው።

መቼ ይሆናል ብትዪኝ፣ እኔን «የበሩ ሰውዬ» ሲሉኝ ሥራውን ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት አልፎኝ ነበር። አንቺ ከእኔ ትፈጥኛለሽ፤ ኮት አልሰቀልሽም።

የዚያን ሰው ነገር ረስቼው ነበር። ድሪ ሲመለስ ባዶ እጅ አይኬድም፤ ትንሽ ነገር፣ ቢያንስ አንድ ዳቦ ቋጥሮ መሄድ ያገር ደንብ ነው። አምስቱን ፎቶዎች ከእንግዲህ የምታሳዪ ከሆነ ከግርጌያቸው ከማን እንደተማርሽ ጻፊ። ከፈለግሽ ለእርሱም ጻፊለት። ምናልባት እርሱም የተዋሰው ከሌላ ሊሆን ይችላልና ደብዳቤሽ እንቅልፍ ይነሳው ይሆናል፤ ያ የእርሱ ጣጣ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ። ስድስተኛውን በደህና ወረቀት አሳትመሽ ለእናትሽ ውሰጂላቸውና ያቺ ከክፈፉ የወጣችው ቀኝ እጃቸው ምን ትሠራ እንደነበር ጠይቂልኝ። እንዝርቱን እያሾረች ነበር ወይስ «ዞር በይ፣ ብርሃኑን ከለልሽኝ» እያለችሽ? ሁለት ቀን ሙሉ ሳስበው ነበር፤ ጻፊልኝ።